ባልና ሚስትን በሁለት መስኮት ለሚጠይቀው ክቡር ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የቪዛ ክፍል ኃላፊ፣
ከወፍራሙ መስታወት ጀርባ፣ ካሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ይልቁንም ዓይንዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። የዓይንን ነገር ለይቼ የጠየቅሁበት ምክንያት ዝቅ ብሎ ይገለጽልዎታል፤ ለጊዜው እንደ ምርቃት ይቀበሉልኝ። እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ «ነበረች» ብዬ ለመጻፍ እጄ እስካሁን እሺ አላለኝም። ይህን ደብዳቤ እየጻፍሁ አነብላታለሁ፣ እሷም ስድብ የመሰላትን ሁሉ ታስወጣለች፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የሚያገኙት ትሕትና የእሷ ነው፣ ሾልኮ ያመለጠ ነገር ቢኖር ግን የእኔ ነው።

ለማስታወስ ያህል፣ ባለፈው በጋ ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ወደ አገርዎ ለመሄድ አመልክተን ነበር። አውሮፓ ውስጥ ካሉት ከተሞች አንዷን ለመምረጥ እኔና ባለቤቴ የፈጀነው ጊዜ ለአገር መሪ ከሚመረጥበት ጊዜ ይበልጣል። በመጨረሻ ሁለት ቀሩ፤ ሁለቱም የእርስዎ አገር ከተሞች ናቸው። አንደኛዋ በየሰዓቱ አሻንጉሊቶች እየወጡ የሚዞሩበት ትልቅ የማማ ሰዓት ያላት ስትሆን የእኔ ምርጫ እሷ ነበረች። ሁለተኛዋ የወደብ ከተማ ነበረች፤ ባለቤቴ ባሕር አይታ ስለማታውቅ። ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች ሴት ናትና፣ ጫፉ የማይታይ፣ ማንም ሊዘመዝመው የማይችል ነገር አንድ ጊዜ ማየት አማራት።

እኔ «ውሃ ለማየት ባልዲ አይበቃሽም?» እላታለሁ፤ እሷ «ቤቱን ሙሉ በሰዓት አጭቀኸው ሌላ ሰዓት ልታይ አውሮፕላን ትሳፈራለህ?» ትለኛለች። በዚህ መሐል ነው ሐኪሙ ዓይኗን አይቶ፣ ብርሃኑ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ መሆኑን ከነገረን በኋላ፣ «ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ፣ እናቴ፣ ዘንድሮ ይዩት» ያላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሰዓቱ ከተማ ከልቤ ወጥታለች። ክርክሩን ግን አላቆምሁም። ባቆም ኖሮ ምን ያህል እንደፈራሁ ታውቅብኝ ነበርና፣ እንደ ወትሮዬ ባልዲዬን ይዤ ቀጠልሁ። የጉዞ ወኪሉ ጭቅጭቃችን ሲያታክተው በሁለቱም ከተሞች ሆቴል ያዘልንና «የማትሄዱበትን በኋላ እሰርዘዋለሁ፣ ብቻ ቀጠሮው አይለፋችሁ» ብሎ ማመልከቻውን አስገባ።

እንግዲህ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ባለቤቴ «ቅሬታ» የሚለውን ቃል ሰርዣለሁ ብላኛለች።

፩ኛ. በመጠበቂያው አዳራሽ ተራ የሚጠራው በድምፅ ሳይሆን ግድግዳ ላይ በሚበሩ ጥቃቅን ቁጥሮች ስለሆነ አመሰግናለሁ። ዓይኑ ለደከመ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ አይገኝም።

፪ኛ. እኔን በአንዱ መስኮት፣ ባለቤቴን ከምሰሶው ማዶ በሌላው መስኮት አቁመው ለየብቻ ስለጠየቁን ላቅ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እኔን የጠየቀኝ ከረባት ያሰረ ወጣት እጅግ ጨዋ ነበር፤ «የምትቆዩት በየትኛዋ ከተማ ነው?» ሲለኝ፣ ይህችን ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ስጠብቃት ነበርና፣ ደረቴን ነፍቼ «በወደቧ» አልሁት። በዚያው ሰዓት ከምሰሶው ማዶ ባለቤቴ ለሌላዋ ሠራተኛ «በሰዓቷ ከተማ ነው፣ ባለቤቴ ሰዓት ጠጋኝ ስለሆነ» እያለቻት ነበር። ሁለቱ ሠራተኞችዎ ተያዩ። ወጣቱም፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው፣ ፈገግ ብሎ ወረቀቴን ዘጋ።

እዚህ ላይ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በመመሪያው ውስጥ የሚያገኘው ስላልመሰለኝ፣ የቤታችንን ሕግ ላስረዳ። በእኛ ቤት ሰው የወደደውን ለሌላው ሲለቅ አይናገርም። ከተናገረ ሌላው «በሞቴ» ይላል፤ «በሞቴ» ከተባለ ደግሞ ነገሩ አለቀ፣ የሰጠኸው ተመልሶ እቅፍህ ውስጥ ይገባል። ትልቁን የሥጋ ቁራጭ ለሌላው ማጉረስ የፈለገ ሰው፣ ሌላው ዞር እስኪል ጠብቆ ነው ወደዚያኛው ሳሕን የሚያዛውረው። እኔ ወደቧን ለእሷ፣ እሷም ማማዋን ለእኔ በዚሁ መንገድ ልናዛውር ነበር የመጣነው። ያልጠበቅነው ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ዞር ማለታችንን ነው።

ደጅ ወጥተን ደረጃው ላይ «ምን አልህ?» «አንቺስ ምን አልሽ?» ከተባባልን በኋላ ባለቤቴ የብረቱን መደገፊያ ይዛ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ጥበቃው «አባባ፣ መንገድ ልቀቁ» እስኪለን ድረስ ሳቅን። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ብጠይቃት ያለችኝን ቃል በቃል አስቀምጠዋለሁ፤ «ባሕሩንማ ባየው ያው እኔው ጋ ነው የሚቀረው። አንተ ግን ሰዓቱን ብታይ እስክንሞት ታወራልኛለህ። ባሕር ማውራት እንደሆነ አትችልበትም።» በአውቶቡስ ስንመለስ፣ መከልከላችንን ገና አላወቅንምና፣ ክርክሩን ተቀያይረን ቀጠልን፤ እኔ ለባሕሩ፣ እሷ ለሰዓቱ። ቤት ልንደርስ ስንል «በሞቴ» አልኋት። ወደቧ ጸደቀች።

፫ኛ. የመልስ ደብዳቤዎ ንጹሕ፣ አጭርና በማኅተም የተዋበ ስለነበር ምስጋናዬ ወደር የለውም። አመልካቾቹ ስለሚሄዱበት ከተማ የሰጡት መልስ እርስ በርሱ ስለሚጋጭ የጉዞው ዓላማ አሳማኝ እንዳልሆነ፣ ወደ አገራቸው ስለመመለሳቸውም ጥርጣሬ እንዳለ ይገልጻል። ባልና ሚስት ነን ባዮች ስለ አንዲት ሳምንት ካልተስማሙ አብረው መኖራቸውም ያጠራጥራል ብላችሁ አለማከላችሁን እንደ ልዩ ውለታ ቆጥሬዋለሁ። «በማንኛውም ጊዜ እንደገና ማመልከት ይቻላል» የሚለውን የመጨረሻ መስመርም ለባለቤቴ አንብቤላታለሁ። «ደግ ሰዎች ናቸው» አለች። ቀልዷን ይሁን እውነቷን አልጠየቅኋትም።

የሚቀጥለው ምስጋናም ቅሬታም ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም።

በጋው ሳያልቅ አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ የስፌት መኪናዋ ላይ ተኝታ ሳለ፣ ባለቤቴ መርፌውን በጣቷ እየፈለገች «መብራት ጠፋ እንዴ?» አለችኝ። እኔም «አዎ፣ ጠፋ» አልኋት። ግን ሬዲዮናችን በመብራት የሚሠራ ነው፤ ክርኗ አጠገብ ሆኖ ዜና እያነበበ ነበር። ሁለታችንም እንሰማዋለን። ላጥፋው ብል መዋሸቴን ማመን ይሆናል፣ ብተወውም ያው ነው። ዜናው እስኪያልቅ ጠበቀች፣ ከዚያ እጇን ከመኪናው ላይ አነሳችና «እንግዲህ ይመጣል» አለች።

ይህን በእናንተ አላሳብብም። በሽታው በሽታ ነው፤ ብንሄድም ቀኑን ጠብቆ መምጣቱ አይቀርም ነበር። ብቻ እዚያ ጨለማ ውስጥ ስትገባ ይዛው የምትገባው ነገር ይኖራት ነበር። አሁን ያላት እኔ ነኝ። አንድ ቀን «እስቲ ባሕሩን አውራልኝ» አለችኝ፤ «ትልቅ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ይንቀሳቀሳል» አልሁ፣ ከዚያ በላይ አላገኘሁም። እኔም እኮ አላየሁትም። «ተወው፣ ብዬህ አልነበር» ብላ ራሴን ዳበሰችኝ። ክቡር ኃላፊ፣ በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን አዝኜ አላውቅም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ባለቤቴ አልሰማቻትም፤ ዘልያት ነው ያነበብሁላት።

ስለዚህ እንደገና እንድናመለክት የቀረበልንን ግብዣ በታላቅ አክብሮት አንቀበልም። ላለመመለሳችን የነበራችሁ ስጋት ግን ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ እንዳልነበር ሳልመሰክር አላልፍም፤ እኛ የትም ሳንሄድ፣ የሄደው ዓይኗ አልተመለሰም።

የአገርዎን ደጃፍ ከእንደኛ ዓይነቱ አደገኛ ዕረፍተኛ ለመጠበቅ በሚያደርጉት ድካም ሁሉ ብርታት እንዲሰጥዎ፣ በዚህ በጋም ከልጆችዎ ጋር ባሕሩ ዳር ተቀምጠው ጫፉን ሲፈልጉ እንዳያገኙት ከልብ እየተመኘሁ፣

ዓላማው ያልታመነለት፣ ወደ ቤቱ ግን በየማታው የሚመለስ፣
ሰዓት ጠጋኙ፣ ከነባለቤቱ።

በድጋሚ፦ ባልና ሚስትን ለየብቻ የመጠየቁን ሥራ እንዳያቋርጡት አደራ እላለሁ፤ ጥሩ ዘዴ ነው፣ አጠቃቀሙ ብቻ ተገልብጦባችኋል። ቃል በቃል አንድ ዓይነት መልስ የሰጧችሁን ጥንዶች ጠርጥሯቸው፤ እነሱ ማታውን ሲያጠኑ አድረዋል። እኛ እኮ የምናጠናው ነገር አልነበረንም፤ እያንዳንዳችን ያሰብነው ስለ ሌላው ነበር።