ያላየሁት የማሽላ ዋጋ

ታኅሣሥ 5 ቀን 1931፣ ሸዋ ሮቢት
ሙቀት። የጥጥ ብናኝ አፍንጫዬን ዘግቶታል። ጥጥ መዳመጫው መኪና ከማለዳ ጀምሮ ሲያጓራ ዋለ። ነገ ሐሙስ፣ የደመወዝ ቀን። ስድሳ ሁለት ሠራተኛ፣ ለያንዳንዱ በሳምንት ዐሥራ ስምንት ሊሬ። ከዚያ ያቺ ወረቀት... ስንት ሰው ሠራ፣ ስንት ተከፈለው፣ ማሽላ ገበያ ላይ ስንት ዋለ። ጣሊያንኛ ስለማውቅ አለቃችን ሲኞሩ ለኔ ለጸሐፊው ጣላት። አዲስ አበባ ያሉት ጣሊያኖች የይፋት ቆላ ኑሮ ምን እንደሚመስል በሷ ነው የሚያውቁት አለኝ። በአንዲት ወረቀት?

ታኅሣሥ 7
ወረቀቷን ላክሁ። ገበያ ግን አልወጣሁም። ወባው ተነሥቶብኝ ነበር... ባይነሣብኝስ እወጣ ነበር? የማሽላውን ዋጋ ካለፈው ገለበጥኩት። ቁናው አራት ሊሬ። ስገለብጥ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ማን ያየዋል?

ታኅሣሥ 14
ዛሬም አራት።

ታኅሣሥ 19
ትእዛዝ መጣ። ከነገ ጀምሮ ደመወዝ ዐሥራ ሁለት ሊሬ። ሲኞሩ አነበበ፣ እኔ አስተረጎምኩ። «በይፋት እህል ረክሷል፤ የድሮው ደመወዝ በዝቷል ይላል» አልኩ።
ጥጥ መዛኙ ጋሼ ጀይላን ቀና ብለው አዩኝ። «የትኛው ገበያ ነው የረከሰው? ንገረንና እዚያ እንሂድ።»
ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የረከሰ የተባለው እኔ የገለበጥኩት አራት ሊሬ ነው።

ታኅሣሥ 20
ከፈልኩ። ጥጥ የምታበጥረው ሙሚና ሊሬዋን ቆጥራ እንደገና እጇን ዘረጋች። የረሳሁ መስሏት።
«ይኸው ነው» አልኳት።
«ወላሂ፣ ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

ታኅሣሥ 21
ገበያ ወጣሁ። ቁናው ሰባት ሊሬ ተኩል! ለወታደር እህል የሚገዙት ካሚዮኖች ጀውሃ ቆመው ያገኙትን ጭነው ሄደዋል አሉ። ቃሲም የሚባል የአሊዩ አምባ ነጋዴ የሊሬዬን ወረቀት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ጠገራ ብር ካለህ እንነጋገር፤ ይሄን ለጌቶችህ መልስላቸው» አለኝ።
«ዋጋው ከመቼ ወዲህ ወጣ?»
«ከኅዳር ማለቂያ።»
 መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 22
እውነተኛውን ጽፌ ለሲኞሩ ሰጠሁት።
«እስከዛሬ የጻፍከው ውሸት ነበር?»
«አዎ።»
ሰባት ተኩሉን ሰርዞ በራሱ እጅ አራት አደረገው። ደመወዝ ተቀንሶ ሠራተኛው ዝም ካለ አገሩ ደኅና ነው አለ። ፈርም አለኝ።
ፈረምኩ... እጄን በቆረጠው!

ታኅሣሥ 25
እህል አልቀመስኩም። ሙሚና አልመጣችም፤ ልጆቿን ይዛ ዳገት ወዳሉት ዘመዶቿ ወጣች አሉ። ከሥራ የቀረው ዐሥራ አንድ ሰው ነው። ሲኞሩ፣ «ሽፍታ ዘንድ ሄደዋል፣ ስማቸውን ጻፍ» አለኝ። ተራቡ እንጂ! ነገ እጽፋለሁ ብዬ ወጣሁ። አልጽፍም።

ታኅሣሥ 27
ሠራተኞቹ ለደመወዝ ተሰልፈው ሳሉ ተነሥቼ ቆምኩ። «አራት ሊሬ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገበያ ሳልወጣ። ቅዳሜ ደግሞ እያወቅሁ ፈረምኩ።»
አንዱ ድንጋይ አነሣ። ጋሼ ጀይላን ክንዱን ያዙት። «ተወው» አሉ። ወደኔ ዞሩ፦ «ከልጆቻችን አፍ ነው የነጠቅኸው። አላህ ይጠይቅህ።» ከዚያ ሚዛኑን አወረዱ። «ደመወዛችን እስኪመለስ አልመዝንም።»
ሁሉም ጥጡ ላይ ቁጭ አለ። መዳመጫው ቆመ። ሲኞሩ ስሜን እየጠራ ሲመጣ ይሰማኛል... ይህን ቶሎ ልደብቅ።

ጥር 19
ስምንት ቀን ታሰርኩ። ጀርባዬ ላይ የጅራፉ ቁስል ገና አልጠገገም። እነሱ አምስት ቀን አልሠሩም፤ የጥጥ ካሚዮኖቹ ባዷቸውን ሲቆሙ ሲኞሩ ዐሥራ አምስት ሊሬ አደረገው። ዐሥራ ስምንት አልሆነም። እኔና ጋሼ ጀይላን ተባረርን። አሁን እርሻቸው ላይ ያሠሩኛል፤ በስሜ ግን አይጠሩኝም።

ትናንት አህያቸውን ጭኜ ለሙሚና ማሽላ ይዤ ወደ ዳገቱ ወጣሁ። ከደጅ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ማሽላውን ተቀበለች። ግባ አላለችኝም። ወደ ውስጥ አስገብታው ተመለሰችና፣ «ዐሥራ አምስት ሆነ ነው ያልከው?» አለች።
«አዎ።»
«እንግዲያ እወርዳለሁ። ትንሿ ታማለች፣ መራመድ አትችልም... አንተ እዘላት።»
ቁልቁለቱን ሙሉ አዝዬ ወረድኩ። ሙሚና ዕቃዋን የጫነችበትን አህያ እየነዳች ከፊቴ ሄደች። ልጅቱ ጀርባዬ ላይ ተኛች። ቁስሉ ላይ ነበረች፤ አላስነሣኋትም።