በስምህ የማልሁ ዕለት

ዘላለሜ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ይባላል። እኔ ግን አልጠይቅህም። በሕይወት ሳለህ ጤናህን ስጠይቅህ እውነቱን አልነገርኸኝም፤ አሁን ከመቃብር ሆነህ ትነግረኛለህ ብዬ አልጠብቅም። የእኔን ግን ልንገርህ። ተናድጃለሁ እንጂ ደህና ነኝ። ሰው ሁሉ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ ይለኛል። ልቅሶውንስ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ንዴቱ ነው፤ እሱን ደግሞ ከአንተ በቀር የምወጣበት ሰው የለኝም።

ስምህን መጥራት እንኳ ያናድደኛል። አርባ አራት ዓመት ኖሮ ለሚሄድ ሰው ዘላለም ብሎ ስም ማውጣት ምን የሚሉት ነው?

ቤታችንን ልንገርህ። የጓዳው ጣራ ማፍሰሱን ትቷል። ያ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያልህ ሁለት ክረምት ያሳለፍኸው ቆርቆሮ። መሰላል አቁሜ ራሴ ወጣሁና ምስማሩን መታሁት። ሰፈሩ ሁሉ አንጋጦ አየኝ፤ ጎረቤታችን እትዬ ውዴማ ሴት ልጅ ጣራ ላይ ወጣች ብለው ሦስት ጊዜ አማተቡ። አውራ ጣቴ ሳምንት ሙሉ አብጦ ሰነበተ። ብስክሌትህ በረንዳው ላይ እንደተሰቀለች ናት፣ ጎማዋ ተንፍሷል። ዘይቱኑ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፈራ። ልጅህ ህሊና ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞላት፣ በቁመትም በለጠችኝ። አፍንጫዋንና ውሸቷን ከአንተ ወርሳለች። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝም እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት በየመብራት እንጨቱ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሐይቁ ዳር፣ የሮክ ኮንሰርት። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አየሁትና ፊቴን አዞርሁ። ህሊና ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ልሂድ ብላ ለመነችኝ። አይሆንም አልሁ። ለምን ብትለኝ ምክንያት አልሰጠኋትም። ምክንያቴ አንተ ነበርህ።

የእኛን ኮንሰርት ታስታውሳለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። በየሠርጉና በየክርስትናው እያጋነንህ ስታወራው ኖረሃል። አንድ ጊዜ እንኳ እኔ በልኩ ላውራው።

ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ነበርን። እኔና አንተ፣ የክፍል ጓደኛዬ ፍቅርተ፣ እና የጀልባ ሠሪው ልጅ ኢብራሂም። መግቢያ ካርዱ ከሳምንት በፊት አልቆ ነበር። እኛ ተስፋ ቆርጠን ስንተክዝ ኢብራሂም መሬቱ ቢሞላ ውሃው ባዶ ነው አለና የአባቱን ሞተር ጀልባ ሳያስፈቅድ አመጣ። ከመድረኩ ኋላ፣ ደንገሉ ውስጥ ተጠግተን ቆምን። መድረኩን የተከሉት ለሕዝቡ ሐይቁ እንዲታየው ብለው ስለነበር እኛ የምናየው የሙዚቀኞቹን ጀርባ ብቻ ነበር። የከበሮ መቺው ሸሚዝ ላብ ጠጥቶ ሲጠቁር ዛሬም ይታየኛል።

ሮክ ምን እንደሆነ ከአንተ በቀር ማናችንም አናውቅም ነበር፤ አንተም ብትሆን የምታውቀው ከአንድ የተቀዳደደ ካሴት ነው። ሙዚቃው ሲጀምር ደንገሉ ውስጥ የነበሩት ወፎች በሙሉ ተነሡ። ፍቅርተ ጆሮዋን ያዘች። ወዲያ ማዶ ያለው ሕዝብ ትንሽ ግራ ተጋባና መፍትሔ አገኘ፤ ሮኩን በእስክስታ ተቀበለው። ጊታሩ ሌላ፣ ትከሻው ሌላ። እኔ ሳቅ ገደለኝ። አንተ ግን ጀልባዋ ላይ ቆመህ ራስህን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዘውዝ ጀመር። ኢብራሂም ተቀመጥ ቢልህ አልሰማኸውም። ጀልባዋ አዘነበለች፤ አንተም፣ አንተን ልይዝ የተነሣሁት እኔም ሐይቁ ውስጥ ገባን። ውሃው እስከ ደረታችን ነበር፤ ፍቅርተ ግን እንደሞትን አድርጋ ጮኸች።

ከበሮ መቺው ዞሮ አየን። ጊታር ለሚጫወተው በበትሩ ጠቆመው፣ እሱም ለዘፋኙ። ከዚያ ሦስቱም ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ጀርባቸውን ሰጡና አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእኛ ተጫወቱልን። አንተ ስታወራው ሦስት ዘፈን ታደርገዋለህ። አንድ ነበር። ፀጉርህ ላይ የደንገል ቅጠል ተለጥፎ፣ እጄን ውሃው ውስጥ ይዘህ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የተደሰትሁበት ቀን የለም፤ ይህን እየተናደድሁም ቢሆን አልክድህም።

ቤት ስገባ ፀጉሬ እርጥብ ነው፣ ቀሚሴ አልጌ አልጌ ይሸታል። እናቴ ደግሞ ሮክ የሰይጣን ዘፈን ነው ሲባል ሰምታ አትሄጂም ብላኝ ነበር። ፍቅርተ ጋር ሳጠና ውዬ ዝናብ መታኝ አልኋት። በዚያ ቀን ጠብታ አልወረደም። ካልማልሽ አላምንሽም አለችኝ። እኔም ሳላስበው «ዘላለም ይሙት፣ ሳጠና ነው የዋልሁት» አልሁ።

በእኛ አገር ሰው የሚምለው በሚወደው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የምምለው በወንድሜ ነበር። እናቴ ዝናቡንም ጥናቱንም ተወችውና አፍጥጣ አየችኝ። «ዘላለም ደግሞ ማነው?» አለችኝ።

አንተ ይህን ስነግርህ እንባህ እስኪፈስ ሳቅህ። በሠርጋችን ቀን ሳይቀር ቆመህ፣ ሙሽራዬ በሐሰት ምላ እውነቷን አወጣችው ብለህ እንግዳውን አሳቅኸው። ግን መሐላዬ በተገለጠ በሳምንቱ፣ በዚያችው ጀልባ ላይ፣ ሳቅህን ትተህ ያልኸኝን አልረሳውም። በሌላው ነገር እንደልባችን እንዋሽ፣ አንዳችን በሌላችን ስም ግን በሐሰት አንማል አልህ። ተስማማን። ምስክራችን ኢብራሂም ነበር። ያን ቃል ሃያ ዓመት ጠበቅሁት። በስምህ ከማልሁ እውነት ነው፤ እውነት ካልሆነ አልምልም።

አንተስ?

ልትሞት ስምንት ወር ሲቀርህ እግርህ ማበጥ ጀመረ። የጫማህን ማሰሪያ ፈትተህ ትሄድ ነበር። ፊትህም ጠዋት ጠዋት ያብጥ ነበር። ምን ሆንህ ብዬ ጠየቅሁህ። «ሰብለ ትሙት፣ ድካም ነው እንጂ ምንም የለብኝም» አልኸኝ። መሐላውን ስሰማ ነገሩን ተውሁት። በእኔ ከማለ አበቃ አልሁ። ኩላሊትህ እንደማይመለስ ሐኪሙ የነገረህ በዚያው ሳምንት ነበር።

ከዚያ በየቅዳሜው ከኢብራሂም ጋር ዓሣ ማጥመድ ጀመርህ። ሆስፒታል የሚወስድህ እሱ እንደነበር የት ላውቅ? ስትመለስ ቆሮሶ ዓሣ በፌስታል ይዘህ ትመጣለህ። ዘላለም፣ ያ ዓሣ አንድም ቀን ቅርፊት ኖሮት አያውቅም። ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ ተከትፎ ነበር የሚመጣው። ከሐይቅ የተጠመደ ዓሣ ተከትፎ አይወጣም። እዚሁ ጣና ዳር ተወልጄ አድጌ ይህን አላስተዋልሁም፤ በእሱም ራሴን እሰድባለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እኔ ያን ጊዜ እጨቀጭቅህ ነበር። ጣራው ያፈሳል፣ አንተ ዓሣ ታጠምዳለህ እልህ ነበር። ሰነፍ አልሁህ። በልጅህ ፊት፣ አንዴም አይደለም፣ ሰነፍ አልሁህ። መሰላል ለመውጣት አቅም ያጣ ሰው እየሰማኝ ፈገግ ይላል። ዝም ብለህ እንድሰድብህ ተውኸኝ። አንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ ምላሴን እቆርጠው ነበር። እንዳትጨነቂ ብሎ ነው ይሉኛል። ብታውቂም ለውጥ አይመጣም ነበር ይሉኛል። እንደማላድንህማ አውቃለሁ! የቀማኸኝ ስምንት ወር ነው። የጫማህን ማሰሪያ ጎንበስ ብዬ እየፈታሁልህ፣ ጣራው እንዳሻው እያፈሰሰ፣ አጠገብህ የምቀመጥበትን ስምንት ወር።

ኢብራሂም እውነቱን የነገረኝ በሰልስትህ ቀን ነው። አስምለኸው ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አላልሁትም። እሱ ግን በየዓርቡ ከመስጊድ ሲመለስ አንድ ዓሣ በራችን ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። ከነቅርፊቱ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ገብቶኝም ለእትዬ ውዴ እሰጠዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ልጅህ ልመለስ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ህሊና ገባች። ድምፅዋ ተዘግቷል፣ ጫማዋ ጭቃ ነው። የት ነበርሽ አልኋት። ቤተ መጻሕፍት አለችኝ። ማዪልኝ እንኳ አላልኋትም፤ ራሷ ናት ያመጣችው። «አባዬ ይሙት፣ ሳጠና ነው የዋልሁት» አለች።

ቃል በቃል የእኔው መሐላ ነበር። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ስትምልብህ አድጋ ምላሷ ለምዶታል፤ መሞትህን ያወቀው ልቧ እንጂ ምላሷ አልነበረም። እኔ ግን ጮህሁባት። «ማን ይሙት? ሞቷል እኮ!» አልኋት። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ዐረፈ፣ ተለየን፣ ሄደ እላለሁ እንጂ ሞተ ብዬ አላውቅም።

መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠራረገችና ከልቧ፣ እንደ ሕፃን ጠየቀችኝ። «ታዲያ እማዬ፣ ከእንግዲህ በማን ልማል?»

አጠገቧ ቁጭ አልሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ከሞትህ ጀምሮ ያ የሐሰት መሐላዬ አልለቀቀኝም ነበር። ዘላለም ይሙት ብዬ በውሸት የማልሁት ነው ዞሮ የያዘህ እያልሁ ስብሰለሰል ኖሬአለሁ። ለነፍስ አባቴ ነግሬ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብለውኛል፤ አልሰማሁም። ልጃችንን መሬት ላይ ሳያት ነው የገባኝ። እሷ አልገደለችህም። የምታጣው ሌላ ትልቅ ነገር ስለሌላት በአንተ ማለች። እኔም አልገደልሁህም። አንተም ብትሆን ሰብለ ትሙት ስትል እኔን ስለጠላህ አይደለም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ውሸትህ ግን ውሸት ነው።

አልቀጣኋትም። ኮንሰርቱ እንዴት ነበር አልኋት። መጀመሪያ ፈራች፣ ከዚያ ተነሥታ ጓዳው መሐል ራሷን ልክ እንደ አንተ ትወዘውዝ ገባች። የእኛንም ነገርኋት። አባቷ ሦስት ዘፈን ያለው አንድ እንደሆነ አስተካከልሁላት። አላመነችኝም፤ አባዬ ሦስት ነው ብሏል አለች። እንኳን በሕይወት ሳለህ፣ ተቀብረህም ታሸንፈኛለህ።

በማግሥቱ ይዣት ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ኢብራሂም ጀልባ ገልብጦ ቀዳዳ ይደፍን ነበር። እኔን ሲያይ ቆመ። ደንገሉ ጋ አድርሰን አልሁት፣ ሌላ ምንም አልጨመርሁም። አደረሰን። እምቦጩ ግማሹን ቦታ ወርሶታል። ሞተሩን አጠፋ። ስንመለስ የፊታችን ዓርብ ትልቅ ዓሣ እንዲያመጣ ነገርሁት። ለእትዬ ውዴ አልሰጥም። ቅርፊቱን ራሴ እፍቀዋለሁ።

ለልጃችንም መልሷን እዚያው ውሃው ላይ ሰጠኋት። በሕያው ሰው ይሙት ተብሎ ይማላል፤ በሞተ ሰው የሚማለው በአጥንቱ ነው። እሱ ደግሞ ለትንሽ ነገር አይነሣም፣ ለውሸት ፈጽሞ። በአባትሽ አጥንት ከማልሽ እውነት ብቻ ተናገሪ አልኋት። እሺ አለችኝ። እኔም በሷ ፊት፣ በምስክራችን በኢብራሂም ፊት ማልሁ። ይኸው ለአንተም ጽፌዋለሁ፤ ብረሳህ አጥንትህ እሾህ ሆኖ ይውጋኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን ገና አላልሁህም፤ በስምህ ደግሞ ከእንግዲህ አልዋሽም።

ያንተው ሰብለ