ያልተቆረጠው ጥቁር ጨርቅ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን

ለልጄ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን ተሻለህ? የመንገድ ሥራው ካምፕ ብርድ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ሹራብህን ሳትለብስ እንዳትወጣ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስልህ እበላለሁ፣ እሰፋለሁ፣ እተኛለሁ። ልጃችንን ከቀበርን ወዲህ እንባ የሚባል ነገር ትቶኛል። እጅ ላይ ተኝተው ሲነሱ እንደሚደነዝዘው፣ እኔም መላ አካላቴ እንደዚያ ሆኗል። ጎረቤቶቹ «ጠንካራ ናት» ይሉኛል፤ አላረምኳቸውም።

ከደብዳቤው ጋር የታጠፈ ወረቀት ታገኛለህ። ከመቅደድህ በፊት ስማኝ።

ባለፈው ሐሙስ የገዳዩ እናት ሱቄ መጣች። ያቺ ዳቦ ሻጭ፣ ፍርድ ቤት ከፊት ለፊታችን ትቀመጥ የነበረችው። ጥቁር ጨርቅ በብብቷ ይዛለች።

«ሰፊው ሁሉ መለሰኝ፤ አንቺም ብትመልሺኝ አልቀየምሽም» አለች። «ልጄን የሚሰቅሉበትን ቀን ቀድመው አይነግሩንም አሉ። ድንገት ሲሰቅሉት የምለብሰው እንዳላጣ ብዬ ነው።»

ላስወጣት አፌን ስከፍት እጄ ሜትሩን አንስቷል። የሠላሳ ዓመት ልማድ አይደል? ትከሻዋን ለካሁ፣ ደረቷን ለካሁ። ወገቧ ጋ ስደርስ ሜትሩ ሁለቴ ሊዞራት ምንም አልቀረውም። ስትሄድ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በጠመኔ አሰመርኩና መቀሱን ያዝኩ። መቁረጥ አቃተኝ። ልጇ በሕይወት አለ፤ እኔ የሐዘኑን ልብስ ልቆርጥ ቆሜያለሁ። አዝኜላት እንዳይመስልህ፣ ምንም አልተሰማኝም። ብቻ አልቆረጥኩም።

በማግስቱ ወደ ቁምስናችን ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አባ ይህን የምሕረት ማመልከቻ ከሁለት ወር በፊት ሲያመጡልኝ «እንኳን ልፈርም፣ ገመዱን እኔ በሳብኩት» ብዬ መልሻቸው ነበር።

«አባ፣ ዛሬም ይቅር አላልኩትም» አልኳቸው።

«ይቅርታው በጊዜው ይመጣል። አሁን የምለምንሽ ይኑር እንድትይ ነው። እኛ ካቶሊኮች የሰው ሕይወት የእግዚአብሔር ነው የምንለው ለሟቹ ብቻ አይደለም። የገደለውም ሰው ነው፤ በደሉ ሰውነቱን አይገፈውም። ይታሰር፣ ግን አይገደል።»

«ለእርስዎ ቀላል ነው፤ ልጅ የለዎት።»

ብዕሩን አቀበሉኝ። ተቀብዬ ፈረምኩ።

እንግዲህ የገዳዩ ጠበቃ እንዳለው የሟች እናትም አባትም ካልፈረሙ ማመልከቻውን አይቀበሉም። ቀነ ገደቡ የወሩ መጨረሻ ነው። ያቺ ዶሮ የጫረቻት የምትመስለው ፊርማህ የሰው ነፍስ ትይዛለች ብሎ ማን አሰበ? አላስገድድህም። ከቀብሩ በኋላ ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣም አላስገደድኩህም። ፊቴ ልጃችንን እንደሚመስልብህ አውቃለሁ። አሁንም ብትፈልግ ተቆጣኝ፣ ስደበኝ፤ አባቱ ነህ።

ልጃችንን በቀኙ ያኑርልን። አንተንም ከመኪና፣ ከድንጋይ፣ ከክፉ ሐሳብም ይጠብቅልኝ።

ወረቀቱን ግን በፖስታ አትላከው፤ ይጠፋል። ይዘኸው ና። ባትፈርምም ና።

የልጅህ እናት