ስድስቱንም አታጉርስ

ኑረምበርግ፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1598

ልጄ ሎሬንትስ፣

ጤናህን ከመጠየቄ በፊት ይህን ስማኝ፦ ያንን የሠራኸውን ሽጉጥ፣ የሚዞረውን ከበሮ ስድስቱንም ቀዳዳ ባሩድና የእርሳስ ጥይት አጉርሰህ እንዳትተኩስ። አንዱን አጉርስ፣ ተኩስ፣ ከዚያ ሌላውን አጉርስ። ያሠራህ ጌታ ቢቆጣ ይቆጣ። የግድ ስድስቱንም ካለህ፣ እርሳሱን ከከተትክ በኋላ የእያንዳንዱን ቀዳዳ አፍ በሞራ ድፈነው። የሻማ ሞራም ይበቃል።

ኩንትስ ሞተ። ጎረቤታችን ቃታ ሠሪው፣ በልጅነትህ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ገበያ ያዞርህ የነበረው ኩንትስ። ባለፈው እሁድ አዲሱን ሽጉጤን ይዘን ወደ ተኩስ ሜዳው ወጣን። እንደ ልማዱ ያላግጥብኝ ነበር።

«እንድሬስ፣ ከበሮው በአንድ ጣት ይዞራል እኮ! ሚስትህ እንዲህ ብትታዘዝልህ የት በደረስክ!»

«ወሬህን ተውና ተኩስ፣ አንተ ሽማግሌ!»

አንዱን ተኮሰ። ከበሮውን በእጁ አዙሮ ሁለተኛውን ተኮሰና ሳቀ። ሦስተኛው ላይ የቀሩት ሁሉ ባንዴ ፈነዱ። ግራ እጁ ከበሮው ላይ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት አረፈ።

ሽጉጡን ፈታትቼ አየሁት። እሳቱ በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ባለው ክፍተት አፈትልኮ ወደ ጎረቤት ቀዳዳዎች ገብቷል። የሽጉጥ ሠሪዎች ማኅበራችን ፈታሾች ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ነው የሚሞክሩት፣ ሌሎቹ ባዶ ሆነው። ሁሉም ሲያልፍ ማኅተም ይመቱበታል። ከዚህ በፊት የሠራኋቸው አራቱም የባለጸጋ ግድግዳ ጌጥ ሆነው ቀሩ እንጂ ሙሉ ጎርሰው የተኮሳቸው የለም። ስለዚህ የጠየቀም አልነበረም።

አንተ ግን ጠይቀኸኝ ነበር።

«አባባ፣ ክፍተቱ አልበዛም? እሳቱ ወደ ጎን ቢያመልጥስ?»

«ባሩዱ ካንተ ይልቅ መንገዱን ያውቃል! ዝም ብለህ ሞርድ!»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብህ። እኔም ሳቅሁ። ክፍተቱ ላላ ሲል ከበሮው በልስላሴ ይዞራል፤ ደንበኛ የሚወደው ይህን ልስላሴ ነው፤ ስሜም የተጠራው በሱ ነው። በመጨረሻው ደብዳቤህ «እንዳስተማሩኝ ከበሮውን አላላሁት፣ በአንድ ጣት ይዞራል፤ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ጌታው ፊት ስድስቱንም አከታትዬ እተኩሳለሁ» ብለህ ጻፍክልኝ። ደስ ብሎኝ ለኩንትስ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት።

የቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ሴፕቴምበር 29፣ ሊደርስ አሥራ ሦስት ቀን ይቀረዋል። ደብዳቤ አድራሹ ፌልቲን አንተ ያለህበት ሊየዥ ከተማ ለመድረስ አሥራ ሁለት ቀን ይበቃኛል ብሎኛል። አንድ ቀን ይተርፈናል፣ ልጄ። እናትህ ምንም አታውቅም፤ ለሚወለደው የልጅ ልጇ ካልሲ ትሠራለች።

ፌልቲን አሁን ደብዳቤውን ሊወስድ መጣ።

«ጋሽ እንድሬስ፣ የማንን ሚካኤል ነው የሚቆጥሩት?»

«ሚካኤል ስንት አለና?»

«ሁለት ነዋ! ሊየዦች የጳጳሱን አዲስ አቆጣጠር ከያዙ ቆዩ እኮ። እኛ አሥራ ስድስት ስንል እነሱ ሃያ ስድስት ብለዋል። የነሱ ሚካኤል የፊታችን ማክሰኞ ነው።»

አውቀው ነበር። ከተማው ሁሉ የሚቀልድበት ነገር ነው። ጣቴን እያጠፍኩ ስቆጥር ግን ትዝ አላለኝም። ፈረስ እየለዋወጠ ቢጋልብ እንኳ ስድስት ቀን ይፈጅበታል፤ የቀረው ሦስት ነው። ፌልቲን አንገቱን ደፍቶ በሩ ላይ ቆሟል። «ልተወው እንዴ?» አለኝ። ቁጭ በል አልኩት።

ኦዲል ምራቴ፣ ፊትሽን አይቼ አላውቅም። ደብዳቤውን የከፈትሽው አንቺ ከሆንሽ ቋንቋችንን በሚያውቅ ሰው አስነብቢው። ጥፋቱ የባልሽ ነው የሚል ቢመጣ ይህን ወረቀት አሳዪው። ስህተቱን ያየው እሱ ነበር። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ አፉን ያስያዝኩትም እኔው ነኝ። ለሱ የሚገባው እርግማን ካለ ወደ እኔ ይምጣ። በሆድሽ ያለውን እግዚአብሔር በሰላም ያስታቅፍሽ። ቤቴ ቤትሽ ነው፣ ልትረግሚኝ ብትመጪም።

ሎሬንትስ፣ የከፈትከው አንተ ከሆንክ ግን አንድ ቃል ጻፍልኝ። ስድብም ይሁን። ብቻ የእጅህ ጽሑፍ ይሁን።

አባትህ
እንድሬስ ኮልብ