በባለቤቴ መቃብር ላይ ስለተገኘው የቆመ ውሃ

ለተከበሩ ሚስተር ሬይፎርድ ጊድሪ
የባዩ ሚኔት የቢምቢ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ሉዊዚያና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ሠራተኞችዎ ጤንነትን እመኛለሁ፤ የቢሮዎ መስኮት በቢምቢ መከላከያ ወንፊት የተሸፈነ ስለሆነም ምኞቴ ያለ ብዙ ድካም እንደሚሰምር አምናለሁ። ዩላሊ ቬሬት እባላለሁ፤ ከመሥሪያ ቤትዎ ባዶ ቦታ ጋር በአጥር የምዋሰን ጎረቤትዎ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ቀደም ሲል የላክኋቸው መንገድ ላይ እየጠፉ ስላስቸገሩዎት እንጂ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም።

1. በመጀመሪያ ስለ ጎማው ዘመቻ ላመስግን። ባለፈው ጸደይ፣ በየጓሮው የተጣለ አሮጌ ጎማ የዝናብ ውሃ እያቆረ ቢምቢ ይፈለፍላል ተብሎ ትምህርት ሲሰጥ፣ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሰማው ባለቤቴ ክሎቪስ ነበር። የእኛን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን ሁሉ ጎማ በፒክአፑ እየጫነ አስረከበ፤ መሥሪያ ቤትዎም ዓርማ ያለበት ኮፍያ ሸለመው። ከዚያም የተሰበሰበው ጎማ በሙሉ፣ ለጊዜው ነው ተብሎ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ባዶ ቦታዎ ላይ ያለ ምንም ሽፋን ተከመረ። ክሎቪስ በጓሮው በረንዳ ላይ ሽሪምፕ እየላጠ ቀና ብሎ አየና «ዩላሊ፣ እነዚህን ጎማዎች እኮ አውቃቸዋለሁ፤ የጫንኳቸው እኔ ነኝ» አለኝ። ያን ቀን ስቀን ነበር።

2. ስልክ የምታነሳው ሠራተኛዎ ትሕትናም ሳይወሳ ማለፍ የለበትም። ዝናቡ ጎማዎቹን ከሞላ በኋላ ደጋግሜ ስደውል፣ «ሚስ ዩላሊ፣ የኔ እናት፣ ምን ያስጨንቅዎታል? የግለሰብ ጎማ ቢሆን እኮ እንቀጣው ነበር፤ የኛ ስለሆነ ችግር የለውም» እያለች አረጋግታኛለች። ቢምቢዎቹ ግን በማን ጎማ ውስጥ እንደተወለዱ የነገራቸው ያለ አይመስለኝም።

3. መድኃኒት የሚረጨው መኪናዎ በደጃችን ሳያልፍ የቀረበት ሳምንት የለም። ወደ ጓሮው ለምን እንደማይዞር ሾፌሩን ብጠይቀው «እማማ፣ እኔ የታዘዝኩት አስፋልቱን ነው» ብሎኛል። አስፋልታችን ላይ ቢምቢ የለም፤ እግዜር ይስጥልን።

4. በነሐሴ ክሎቪስ አተኮሰው። ጉንፋን መስሎን ነበር። ከዚያ አንገቱ አልታጠፍ አለ፤ ከዚያም ስሜ ጠፋበት። ሐኪሞቹ ቢምቢ የሚያስተላልፈው ዌስት ናይል የሚባል በሽታ አንጎሉ ውስጥ ገብቷል አሉ። ሞተ። ለዚህኛው ተራ ቁጥር ምስጋና አላዘጋጀሁም። ኮፍያዋን ይወዳት ስለነበር አብራው ተቀብራለች። ማልቀሴንም አላስታውስም፤ የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ እንደወጋው ድድ ሆኛለሁ፣ ቢነክሱኝም አይሰማኝም። ልጄ ሰለስቲን አራስ ልጇን ይዛ እዚህ ቤት መምጣት ፈራች፤ አልፈርድባትም። የልጅ ልጄን እስካሁን ያየሁት በስልክ ነው። ጎማዎቹ ይነሱልኝ የምለውም ሕፃኑ እዚህ በረንዳ ላይ እንዲቀመጥልኝ ብዬ ነው። ክሎቪስንማ ከእንግዲህ የሚያሰጋው ቢምቢ የለም።

5. ሙታናችንን ከምናስብበት ከቅዱሳን ሁሉ በዓል በፊት፣ እንደ ማንኛውም የአገሬ ሰው መቃብሩን ልቀባ ኖራና ብሩሽ ይዤ ሄድኩ። መቃብሩ ላይ የዝናብ ውሃ ባቆረው የአበባ ማስቀመጫ አንገት ላይ ቀይ ካርድ ታስሮ ጠበቀኝ። የመሥሪያ ቤትዎ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እንዲህ ይላል፦ «ለሚስተር ክሎቪስ ቬሬት። በይዞታዎ ላይ ለቢምቢ መራቢያ የሚሆን የቆመ ውሃ ተገኝቷል። በአስቸኳይ ካላስወገዱ እርምጃ እንወስድብዎታለን።» ተቆጣጣሪዎ ስሙን ከድንጋዩ ላይ ገልብጦት መሆን አለበት፤ ከስሙ ሥር የተጻፈውን ቀን ለማንበብ ግን ጊዜ አላገኘም። ወራት ሙሉ ስጮህ ከአጥሬ ማዶ ብቅ ያላለው መሥሪያ ቤት፣ ለአንዲት የአበባ ማስቀመጫ ማንም ሳይጠራው መቃብር ድረስ መጥቷል፤ ለዚህ ትጋቱ ምስጋናዬ ይድረሰው። ክሎቪስ ትእዛዛችሁን እንቢ ብሎ ስለማያውቅ ውሃውን በእሱ ስም ደፍቼዋለሁ። ከዚያ ኖራዬን መቀባት ቀጠልኩ። በእሱ ላይ ልትወስዱት የምትችሉት እርምጃ ምን እንደሆነ ሳስብ ዋልኩ፤ የቀረ ነገር አልታየኝም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ያልተቀደደ ወንፊትና ደረቅ ጓሮ እየተመኘሁ፣ ላደረጉልን ሁሉ የሚገባዎትን ምስጋና ሁሌም በልቤ ይዤ የምኖር፣

የአጥር ጎረቤትዎና የተከሳሹ መበለት
ዩላሊ ቬሬት

ሳልጠቅሰው እንዳይቀር፦ መሥሪያ ቤትዎ ለአበባ ማስቀመጫ ፈጥኖ እንደሚደርስ ከተረዳን ወዲህ፣ ዛሬ በበዓሉ ጠዋት ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ከመቃብር የተረፈንን አበባ ይዘን ወደ ክምሩ ሄደን ነበር። በየጎማው ውሃ ውስጥ አበባ አስገብተናል፤ ስለዚህ አሁን ሁሉም የአበባ ማስቀመጫዎች ናቸው። ተቆጣጣሪዎ የጎማዎቹን ባለቤት ስም ፍለጋ እንዳይንከራተትም፣ በተረፈኝ ኖራ ከፊት ባለው ጎማ ላይ የእርስዎን ስም በትልቁ ጽፌለታለሁ። ከስሙ ሥር ቀን አልጻፍኩም።