የላሲኒ አውራ ጣትና የልጃችን ልብ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ሱፓርሚ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ያስቃስትሻል? ባለቤትሽ ጋሽ ካርቶ እንዴት ነው? ልጆቹስ? እዚያ ላምፑንግ ቁንዶ በርበሬው ያዘላችሁ? እኛ እዚህ ዎኖጊሪ፣ እናታችንም፣ እኔም፣ ላሲኒም ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነን ብዬ እንዳልጽፍልሽ ግራ ያጋባኝ ነገር አለና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

አስቀድመሽ ግን ጽሑፉን እዪው። የማንም እጅ አይደለም፤ የእኔ የወንድምሽ የሳኪማን ነው! በማታ ትምህርት ቤት በስምንት ወር ፊደል ጨረስኩ። መምህሯ «ሳኪማን፣ እንዳንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም» ብላኛለች። ስለ ንባቤ ይሁን ስለ ወሬዬ አላብራራችም፤ እኔ ግን ለንባቤ ወስጄዋለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ላሲኒ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ከትናንት ወዲያ ጠዋት «ልጁ ዛሬ ዝም አለብኝ» አለችኝ። እኔም «በእናቱ ወጥቶ ነዋ! በእኔ ቢወጣ መች ዝም ይል ነበር» ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ይህን ልጅ አሥራ አንድ ዓመት እንደጠበቅነው አንቺም ታውቂያለሽ። የሰፈራችን አዋላጅ ሆዷን ዳበሰችና ጊዜ ሳታጠፋ ወደ ሆስፒታል ሰደደችን።

እዚያ አስተኝተው ሆዷ ላይ ሁለት መቀነት አሰሩ። አንደኛው የልጁን ልብ ያዳምጣል፤ ማሽኑም የሰማውን ረጅም ወረቀት ላይ እየሳለ ይተፋዋል። በእጇ ደግሞ አንዲት ቁልፍ አስያዟትና «ልጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በአውራ ጣትሽ ተጫኚ» አሏት። ልጅ ሲንቀሳቀስ ልቡ ፈጠን ካለ ደኅና ነው ማለት ነው አሉን። ላሲኒ በጣም ፈርታ ነበርና ሮስማውሊ የምትባል ነርስ፣ ከሱማትራ የባታክ ሕዝብ ናት፣ «ሙዚቃ ያረጋጋል» ብላ ማዳመጫ አጠለቀችላት። ጠጋ ብዬ ብሰማው ውሃ ሲንጠባጠብ የሚመስል ፒያኖ! «እህቴ፣ ይሄማ ጭራሽ እናቲቱንም ያስተኛታል፤ የኛን ላሰማሽ» ብዬ የሰፈራችንን የጋሜላን ሙዚቃ ቡድን ከስልኬ ከፈትኩላት። ከበሮው እኔ ነኝ፤ ትልቁን የነሐስ ጎንግ የምትመታው ራሷ ላሲኒ ናት።

ሃያ ደቂቃ ሆነ። የላሲኒ ፊት ፈታ አለ፤ ጣቷም ይጫናል። እኔ ቁልፏ በተጫነች ቁጥር ወረቀቱ ላይ እኩል የተደረደሩትን ምልክቶች አይቼ ኮሪደር ወጣሁና ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ «ልጄ ሆድ ውስጥ ሆኖ ምት ይጠብቃል! በማስመሪያ የተለካ ይመስላል!» እያልኩ ለፈፍኩ። አንዲት አሮጊት «አንተ፣ ሳይወለድ ደሞዙን ጠይቅለት እንጂ» ስትለኝ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሐኪሟ ስትመጣ ግን ፊቷ ጠቆረ። «ልጁ ዘጠኝ ጊዜ ተንቀሳቅሷል፤ ልቡ አንዴም አልተከተለውም። ተኝቶ ቢሆን አልሰጋም ነበር። እየተንቀሳቀሰ ልቡ እንዲህ ከሆነ መጠበቅ የለብንም» ብላ ለቀዶ ጥገና የሚፈረም ወረቀት ሰጠችኝ። ድሮ ቢሆን ጣቴን ቀለም ነክሬ አትሜ እገላገል ነበር። አሁን አንባቢ ነኛ! ፊደል በፊደል ወረድኩበትና «በእናትየው ወይም በሕፃኑ ላይ» የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። መቀጠል ቢያቅተኝ ላሲኒ አጠገብ ተቀምጬ አንዱን ማዳመጫ ወደ ጆሮዬ ወሰድኩ። ሙዚቃው አሁንም እየሄደ ነበር። ዙሩ ሲያልቅ ትልቁ ጎንግ ተመታ፤ ጣቷም ቁልፏን ተጫነ። ሌላ ዙር ጠበቅሁ። ጎንግ፤ ደግሞ ጣት።

«ላሲኒ፣ አሁን ተንቀሳቀሰ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ» አለችኝ፤ «የተንቀሳቀሰ መስሎኝ ነው። ጎንጉ ሲመጣ እጄ አርፎ አያውቅም።»

አሥራ አራት ዓመት ያንን ጎንግ የመታ እጅ ነው፤ ምን ታድርግ! እየተንተባተብኩ ለሐኪሟ ነገርኳት። «እንግዲያው እስካሁን ተኝቶም ሊሆን ይችላል» ብላ እንደገና እንዲለካ አዘዘች። እኔ «ቁልፏን ለእኔ ስጡኝ» ስል ነርሷ «አንተማ ከበሮ መቺው ነህ! እጅህን ኪስህ ክተት» አለችኝና ራሷ ያዘቻት። ላሲኒን ትንሽ አንሸራሽረው፣ ጣፋጭ ሻይ አጠጥተው፣ በግራ ጎኗ አስተኟት። ሙዚቃው ጠፋ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። ያልተፈረመው ወረቀት በእጄ ላብ ራሰ፤ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረስኩ። ከዚያ ሆዷ ላይ እጇን ያሳረፈችው ነርስ ቁልፏን ተጫነች፣ የልቡ መስመርም ተነሣ። ወረደ፤ ደግሞ ተነሣ። ሐኪሟ «ነቃ» ብላ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። ዓርብ ተመልሰን እንለካለን።

ግራ የገባኝ ታዲያ ይህ ነው፣ እትዬ። ሐኪሟ ሻዩ ነው የቀሰቀሰው ትላለች። ነርሷ ሙዚቃው እናቱን ስላረጋጋት ነው ትላለች። እናታችን ላሲኒ በግራ ጎኗ ስለተኛች ነው ትላለች። ላሲኒ ደግሞ ጸጥታው ነው ባይ ናት። እኔ ሁሉንም አመንኩ፣ አንዱንም አላመንኩም። እኔ ኮሪደር ላይ ስፎክር ልጁ በምን ሁኔታ እንደነበር ደጋግሜ አስባለሁ። ተኝቶ ባይሆንስ ኖሮ? አንቺ አራት ወልደሻል፤ በዘጠነኛው ወር እንዲህ ዝም ይሉ ነበር? እባክሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የቡድናችን ልምምድ ነበር፤ ቀረሁ። ላሲኒ እጄን ስባ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። አንዴ ረገጠ። ቆየ። ሁለቴ አከታተለ። ብዙ ዝም ካለ በኋላ ባላሰብነው በኩል እንደገና ረገጠ። ምት የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም፤ ከቡድናችን ማንም እንዲህ ቢመታ በዱላ ነበር የማባርረው። እስኪመሽ ድረስ እጄን አላነሣሁም።

ጋሽ ካርቶን ወንድምህ እጅ ነሣህ በዪልኝ። ሙርያቲን፣ መንትዮቹን፣ ትንሹንም ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለአማትሽም ጤና ይስጥልኝ። እናታችን ትመርቅሻለች፤ ላሲኒም ጋደም እንዳለች «ስሜን በትልቁ ጻፈው» ብላኛለች፦ ላሲኒ።

ወንድምሽ ሳኪማን
ዎኖጊሪ፣ ረቡዕ፣ በጃቫ የአምስት ቀን አቆጣጠር የፖን ገበያ ዕለት
ኦክቶበር 12 ቀን 2011