ዝምተኛዋ የሶስና እናት

ሰኞ

«እናቴ እኮ ድምፅ የላትም» አለች ልጄ ሶስና፣ ፎቅ ላይ ሆና ለክፍል ጓደኛዋ በስልክ። እኔ ታች ልብስ አጥፋለሁ። ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ ሞከርኩት። ድምፁ አለ። ሥራዬ ለሆስፒታሎች በስልክ ማስተርጎም ነው፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሳወራ ነው የዋልኩት።

በኋላ ስጠይቃት ለካ ለዩኒቨርሲቲ የምትጽፈው ጽሑፍ ነው። ቻይናዊ አሜሪካውያን ሴቶች በጻፏቸው ልብ ወለዶች ውስጥ ስላሉ ዝምታና የሴቶች ድምፅ። አስተማሪዋ «ከራስሽ ቤት ጀምሪ» ብላታለች። እሷም ከእኔ ጀመረች። ማስረከቢያው ዓርብ ነው።

ሌላ፦ ባለፈው ሳምንት ከጡቴ የወሰዱት ናሙና ውጤት ሐሙስ ይደርሳል። ክሊኒኩ ሮውሌት ከተማ ነው። እኛ ባለንበት ፕሌኖ ሐኪም ጠፍቶ ሳይሆን፣ ሮውሌት የሚያውቀኝ ሰው ስለሌለ ነው። ለሶስና ጽሑፏን ካስረከበች በኋላ እነግራታለሁ።

ማክሰኞ

በሥራችን ደንብ ሕመምተኛው «አመመኝ» ሲል እኔም «አመመኝ» ነው የምለው፤ «አመማቸው» ማለት ክልክል ነው። ስለዚህ ዛሬ ከምሳ በፊት ወለድኩ። ከምሳ በኋላ ፕሮስቴቴ አብጧል ተባልኩ።

ማምሻውን ከባድ ነበር። ሐኪሙ «ካንሰር» ሲል የታማሚዋ ልጅ ጣልቃ ገባ፦ «እህቴ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ እሷን ቃል ለእማዬ እንዳትነግሪያት።» ደንቡ መደበቅ አይፈቅድም፣ ለእናትየው ነገርኳቸው። እሳቸውም «እኔማ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «እሱ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ይህንንም በእኔነት ተረጎምኩት። «ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። በእንግሊዝኛ።

ረቡዕ

ሶስና ከምታነባቸው ልብ ወለዶች ሁለቱን ወስጄ አነበብኩ። ደህና ተጽፈዋል። አንድ ነገር ግን አየሁ፦ እናቶቹ ዝም የሚሉት በእንግሊዝኛ ነው። በገዛ ቋንቋቸው ገጽ አይበቃቸውም። ልጆቹ ግማሹን ብቻ ስለሚሰሙ ቀሪውን ዝምታ ይሉታል።

ራት ላይ ስልኳን ሪከርድ አድርጋ ፊቴ አቆመችው። «ማሚ፣ ስለ ዝምታሽ ትንሽ አውሪኝ።»

አርባ ደቂቃ አወራሁ። ስለ ጎረቤታችን ውሻ፣ ስለ ማኪኒ ከተማ መንገድ ሥራ፣ የእድር ሰብሳቢው ለአሥር ደቂቃ ስብሰባ ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅበት ምክንያት።

«ማሚ፣ ሶሪ፣ ይሄ አይጠቅመኝም። ስለ ራስሽ እኮ ምንም አላልሽም።»

የናሙናው ነገር አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። በምትኩ ስለ ልብ ወለዶቹ ያየሁትን ነገርኳት። ዓይኗ በራ። «ዋው! ማለቴ፣ ይሄን ልጠቀምበት?»

ተጠቀሚበት አልኩ። ኮራሁ፣ አልዋሽም።

ሐሙስ

ነርሷ አራት ሰዓት ላይ ደወለች። ስሜን አይታ «አስተርጓሚ ላገናኝሽ?» አለችኝ። አመሰግናለሁ፣ አለኝ አልኳት።

ናሙናው ክፉ ነገር የለውም። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ለሰው ስንት ጊዜ ያልኩት አረፍተ ነገር ነው፤ ለራሴ ሲሆን «እሺ» ብቻ ወጣኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሶስና ሲሪያሏን ይዛ ከኩሽና ብቅ አለች። «ማነው?»

«ሥራ ነው።»

ዓርብ

አስረከበች። መደምደሚያውን ቆማ አነበበችልኝ፤ እንግሊዝኛውን እየተወች በአማርኛ፣ ግሱን እየሰበረች። እናቴ ዝምተኛ ናት ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ ተሳስቻለሁ፤ እናቴ ሁሉን ነገር ትነግረኛለች፣ የማልሰማው እኔ ነበርኩ፣ ይላል ባጭሩ። ከዚያ አቀፈችኝ። የናሙናው መርፌ በገባበት በኩል ስለነበር ትንሽ አመመኝ፤ ፈገግ አልኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለች።

«ምንም። ጎበዝ ነሽ።»

የክሊኒኩ ደብዳቤ ከሰዓት በኋላ በፖስታ መጣ። ለክትትል ከስድስት ወር በኋላ ተመለሽ ይላል። ቀኑን በሥራ ካላንደሬ ላይ «ስብሰባ» ብዬ ያዝኩት።